የአውስትራሊያ የባለሀብት ቪዛ፦ ክፍለ ግዛቶች ይጠይቁት የነበረው፣ ዛሬ የቀረው

አንድ ደላላ ወደ ቁም እንስሳት ነጋዴ መጥቶ «ገንዘብ ላለው ሰው አውስትራሊያ ክፍት ናት፤ ከአንዱ ክፍለ ግዛት የስፖንሰር ደብዳቤ ላስወጣ፤ አሁን የሚከፈለው የመመዝገቢያ ብቻ ነው» ቢል፣ ንግግሩ ሙሉ በሙሉ ፈጠራ አይደለም። እንዲህ ያለ ቪዛ በእርግጥ ነበር። ክፍለ ግዛቶቹም ስፖንሰር ያደርጉ ነበር። ነገር ግን በሩ እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 2024 ለአዲስ አመልካች ተዘግቷል። የተዘጋውን በር ክፍት ነው ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ካለ፣ የሚሸጠው ያለፈውን ዓመት ዝናብ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሥርዓቱ እንዴት ይሠራ እንደነበር፣ ምን ያህል ገንዘብና ምን ዓይነት ማስረጃ ይጠይቅ እንደነበር፣ አሁን ምን እንደቀረ ያስረዳል። የተዘጋውን ቪዛ ማወቅ የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። ክፍለ ግዛቶቹ ይጠይቁት የነበረውን ወረቀት ዛሬም ሌሎች አገሮች፣ ባንኮችና ገዢዎች ይጠይቁታል። የቁም እንስሳት ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚወድቀውም በገንዘብ ማነስ ሳይሆን በዚህ ወረቀት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስፖንሰርነቱ እንዴት ይሠራ ነበር?

አውስትራሊያ ስድስት ክፍለ ግዛቶችና ሁለት ዋና ዋና ግዛቶች አሏት። ቪዛ የሚሰጠው የፌዴራሉ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በ2012 በተጀመረው «ንዑስ ክፍል 188» በሚባለው የንግድና ኢንቨስትመንት ቪዛ፣ አመልካቹ በቅድሚያ የአንድ ክፍለ ግዛት ወይም ግዛት መንግሥት እጩ መሆን ነበረበት።

አካሄዱ እንዲህ ነበር። አመልካቹ «ስኪልሴሌክት» በተባለው የፌዴራል የኢንተርኔት መመዝገቢያ ላይ ፍላጎቱን ያስመዘግባል፤ ይህ ምዝገባ ክፍያ አልነበረውም። ክፍለ ግዛቱ የንግድ እቅዱንና ሀብቱን አይቶ ከተስማማ እጩ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የግብዣ ደብዳቤ ይልካል። የቪዛ ማመልከቻ የሚገባውም፣ ለማመልከቻው የሚከፈለውም ግብዣው ከደረሰ በኋላ ነበር። ክፍለ ግዛቱ እጩ ያደረገውን ሰው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ሊከለክለው ይችል ነበር። ስለዚህ «ስፖንሰር» የተባለው ደብዳቤ ለመሞከር ፈቃድ እንጂ ቪዛ አልነበረም።

ክፍለ ግዛቶቹ በየዓመቱ የተወሰነ ኮታ ስለሚደርሳቸው ይመርጡ ነበር። የሚፈልጉትም ግልጽ ነበር፦ ለአካባቢው ሰው ሥራ የሚከፍት፣ ምርት ወደ ውጭ የሚልክ፣ ከተቻለም ከትልልቆቹ ከተሞች ርቆ የሚሠራ ሰው። ስለዚህ ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚሠራ፣ ስንት ሰው እንደሚቀጥርና ስንት እንደሚያወጣ በጽሑፍ የተዘረዘረ እቅድ ይጠይቁ ነበር። መስፈርቱ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል። በአንዱ ዋና ከተማ ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ ከፍ ያለ መጠን ሲጠየቅ፣ ወደ ገጠር አካባቢ ለሚሄድ ዝቅ የሚልበት ጊዜ ነበር።

ስንት ይጠየቅ ነበር?

ከጁላይ 1 ቀን 2021 በኋላ በነበረው ደንብ፣ ለነጋዴ የተዘጋጀው ዘርፍ የሚከተሉትን ይጠይቅ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመታዊ ሽያጭ ነው። አመልካቹ ግብዣ ከመቀበሉ በፊት ባሉት አራት የሒሳብ ዓመታት ውስጥ፣ ቢያንስ በሁለቱ በየዓመቱ 750,000 የአውስትራሊያ ዶላር የሸጠ ንግድ ሊኖረው ይገባል። ይህ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው።

ሁለተኛው የተጣራ ሀብት ነው። የባልና ሚስት የንግድና የግል ሀብት ተደምሮ፣ ዕዳ ተቀንሶ፣ ቢያንስ 1.25 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መሆን ነበረበት። ሀብቱ በሕጋዊ መንገድ የተገኘና ቪዛው ከተሰጠ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ አውስትራሊያ ሊዛወር የሚችል መሆን አለበት።

ሦስተኛው የባለቤትነት ድርሻ ነው። የንግዱ ዓመታዊ ሽያጭ ከ400,000 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ከሆነ ቢያንስ 30 በመቶው፣ ከዚያ በታች ከሆነ ቢያንስ 51 በመቶው የአመልካቹ ወይም የባለቤቱ መሆን ነበረበት።

አራተኛው ዕድሜና ነጥብ ነው። አመልካቹ ከ55 ዓመት በታች ሆኖ፣ በዕድሜ፣ በእንግሊዝኛ ችሎታ፣ በሀብትና በሽያጭ ተደምሮ 65 ነጥብ ማግኘት ነበረበት። ከ55 ዓመት ለሚበልጥ ሰው ክፍለ ግዛቱ ልዩ የኢኮኖሚ ጥቅም ያመጣል ብሎ ካረጋገጠለት መስፈርቱ ይቀርለት ነበር።

ንግድ ለማይሠራ ባለገንዘብ ደግሞ ሌሎች ዘርፎች ነበሩ፤ አንዱ 2.5 ሚሊዮን፣ ሌላው 5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በተወሰኑ ፈንዶች ላይ ማዋልን ይጠይቃል።

ገንዘቡ እያለ የሚወድቀው ለምንድን ነው?

ቁጥሩ ሲታይ ለትልቅ ነጋዴ የማይደረስበት አይደለም። ለምሳሌ አንድ ግመል በ1,000 የአሜሪካ ዶላር ተሸጠ ብንል፣ በዓመት 500 ግመል፣ ማለትም በሳምንት አሥር ግመል ያህል የሚሸጥ ሰው የሽያጩን መስፈርት ይደርስበታል። ችግሩ ያ ሽያጭ እንደተፈጸመ የሚያሳይ ነገር መኖሩ ላይ ነው።

ከቦረና የተገዛ ሰንጋ በሞያሌ ተሻግሮ ናይሮቢ እስኪታረድ፣ ወይም ከሶማሌ ክልል የወጣ በግ በርበራ ወደብ ላይ መርከብ እስኪጫን ድረስ ያለው ንግድ በአብዛኛው በቃልና በመተማመን የሚሄድ ነው። ሰብሳቢው በዱቤ ይወስዳል፤ ደላላው ምስክር ይሆናል፤ ገንዘቡ በሐዋላ ወይም በስልክ ይተላለፋል፤ ሒሳቡ በደብተር ወይም በጭንቅላት ይያዛል። ይህ አሠራር ለንግዱ ፈጣንና ርካሽ ነው። በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ለሚገኝ መርማሪ ግን አንድም ነገር አያሳይም።

መርማሪው የሚጠይቀው በኦዲተር የተረጋገጠ ሒሳብ፣ የግብር መክፈያ ሰነድና የባንክ እንቅስቃሴ ነው። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርሳቸው መስማማት አለባቸው። እዚህ ላይ የብዙ ነጋዴ እግር ይሰናከላል። ለግብር መሥሪያ ቤት ያሳወቀው ሽያጭ ትንሽ፣ ለቪዛ ያቀረበው ትልቅ ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው ማለት ነው። ትልቁን ይዞ ቢቀርብ በአገሩ የግብር ዕዳ ይነሣበታል፤ ትንሹን ይዞ ቢቀርብ መስፈርቱን አያሟላም።

ሁለተኛው እንቅፋት የመንጋው ባለቤትነት ነው። በረት ውስጥ ያለው ከብት የወንድም፣ የአጎት፣ የሸሪክ ድርሻ ተቀላቅሎበት ይገኛል። ነጋዴው በአገሩ «የእኔ ነው» ቢል የሚከራከረው የለም። ድርሻው ግን በውል ካልተጻፈ በተጣራ ሀብት ውስጥ አይቆጠርለትም። በኮሚሽን የሚሠራ ሰውም ያሻሻጠው ከብት ሁሉ የራሱ ሽያጭ አይደለም፤ የእሱ የሆነው ኮሚሽኑ ነው።

ሦስተኛው ገንዘቡን ማውጣት ነው። ሀብቱ «ሊዛወር የሚችል» መሆን አለበት ሲባል በሕጋዊ መንገድ ማለት ነው። ኢትዮጵያ በጁላይ 2024 የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ብታደርግም፣ ካፒታልን ወደ ውጭ አገር ማዛወር እንደ ልብ የሚደረግ ነገር አልሆነም። በሐዋላ የተላከ ገንዘብ ደግሞ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት የሚያስቸግር ነው።

«ወረቀቱን እኔ አዘጋጃለሁ» የሚል ደላላ የሚመጣው በዚህ ክፍተት ነው። አደጋው ገንዘብ መበላት ብቻ አይደለም። የአውስትራሊያ ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ አመልካች ከመከልከሉም በላይ፣ ለሦስት ዓመት ብዙ ዓይነት ቪዛዎችን እንዳያገኝ ያግደዋል። በማንነቱ ላይ ያጭበረበረ ከሆነ እገዳው አሥር ዓመት ይደርሳል። ሰነዱን የፈበረከው ደላላ ቢሆንም ስሙ የሚበላሸው አመልካቹ ነው።

ለምን ተዘጋ?

በ2023 የወጣው የአውስትራሊያ የፍልሰት ሥርዓት ግምገማ፣ ይህ ፕሮግራም ለአገሪቱ ኢኮኖሚ የሚጠበቀውን ጥቅም አላስገኘም ሲል ደመደመ። ከዚያ ወዲህ ኮታው በፍጥነት ወረደ፤ በ2022–23 5,000 የነበረው በ2023–24 1,900፣ በ2024–25 ደግሞ 1,000 ሆነ። ክፍለ ግዛቶችም ለአዲስ እጩ ኮታ አልደረሳቸውም። በመጨረሻም በጁላይ 2024 ንዑስ ክፍል 188 ለአዲስ ማመልከቻ ተዘጋ።

ዛሬ ምን ቀረ?

ቀድሞ 188 ቪዛ የያዘ ሰው መስፈርቱን ካሟላ ወደ ቋሚ መኖሪያ የሚያሸጋግረውን «ንዑስ ክፍል 888» ማመልከት ይችላል። ይህ ግን ቀድሞ ለገባ ሰው እንጂ ለአዲስ አይደለም።

ከዲሴምበር 6 ቀን 2024 ጀምሮ «ብሔራዊ የኢኖቬሽን ቪዛ» የተባለ «ንዑስ ክፍል 858» ተጀምሯል። በዚህም ላይ ክፍለ ግዛቶች እጩ ማቅረብ ይችላሉ። ደላሎች የሚያምታቱት እዚህ ላይ ነው። ይህ ቪዛ ገንዘብ ላለው ሰው ሁሉ የተዘጋጀ አይደለም፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ልዩ ውጤት ያስመዘገቡ ተመራማሪዎችን፣ ድርጅት መሥራቾችንና ባለሀብቶችን ይፈልጋል። ግብርናና የግብርና ቴክኖሎጂ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ዘርፎች ውስጥ ይገኛሉ፤ ከብት መግዛትና መሸጥ ብቻውን ግን ለዚህ አይበቃም። ፍላጎትን ማስመዝገቡ አሁንም ክፍያ የለውም፤ ማመልከት የሚቻለውም ሲጋበዙ ነው።

ክፍለ ግዛቶች እጩ የሚያቀርቡባቸው 190 እና 491 የተባሉ ቪዛዎችም አሉ። እነዚህ የሙያ ቪዛዎች ናቸው፤ ከ45 ዓመት በታች መሆንን፣ በዝርዝር ውስጥ ያለ ሙያንና የሙያ ምዘናን ይጠይቃሉ። የገንዘብ ብዛት እነሱን አይተካም።

ከመክፈል በፊት

ነጋዴው ደላላውን አራት ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃዋል። የቪዛው ቁጥር ስንት ነው? 188 ከሆነ ንግግሩ አበቃ። የትኛው ክፍለ ግዛት ነው? መስፈርቱ በክፍለ ግዛቱ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ማየት ይቻላል። «የመመዝገቢያ» የተባለው ክፍያ ለማን ነው? ለስኪልሴሌክት ከተባለ ሐሰት ነው። አማካሪው ማን ነው? በአውስትራሊያ ውስጥ የሚሠራ የፍልሰት አማካሪ በመንግሥት መዝገብ የተመዘገበ፣ አለዚያም ፈቃድ ያለው ጠበቃ መሆን አለበት፤ መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት ነው።

ወረቀቱ ለቅርቡም ይሆናል

ጎረቤት ኬንያ ለውጭ አገር ባለሀብት የምትሰጠው የ«ክፍል ጂ» ፈቃድ ቢያንስ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ካፒታል በማስረጃ ይጠይቃል። ፈቃዱን የሚሰጠው ብሔራዊው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው። ከአውስትራሊያ ክፍለ ግዛቶች በተለየ፣ የካውንቲ የንግድ ፈቃድ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድን አያስገኝም። ናይሮቢ ላይ ቢሮ ልክፈት የሚል ነጋዴ ይህን ቀድሞ ማወቁ ከቅጣት ያድነዋል።

የሚያዘው ወረቀት ብዙ አይደለም፦ በባንክ በኩል የመጣ ክፍያ (ኤልሲ፣ ሲኤዲ ወይም ቅድመ ክፍያ)፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የእንስሳት ጤና ሰርተፊኬት፣ ከሸሪክ ጋር የተፈረመ የድርሻ ውል፣ ከእነዚህ ጋር የሚስማማ የግብር ሰነድ። የጤና ሰርተፊኬት ብዙ ጊዜ ለድንበር ማለፊያ ብቻ ተቆጥሮ ይጣላል። የከብቱን ቁጥር፣ ቀኑንና የላኪውን ስም ስለሚይዝ ግን ከዲክላራሲዮን ጋር ሲያያዝ የሽያጭ ማስረጃ ይሆናል።

አውስትራሊያ በጁላይ 2024 የዘጋችው የባለሀብቱን ቪዛ ብቻ አይደለም። በዚያው ወር የቁም በግ በባሕር መላክ ከሜይ 1 ቀን 2028 ጀምሮ እንዲቆም የሚያዝ ሕግ ወጥቷል። ከምዕራብ አውስትራሊያ የሚመጣው በግ ሲቀር፣ እንደ ኩዌትና ዮርዳኖስ ያሉ ገዢዎች ሌላ አቅራቢ መፈለጋቸው አይቀርም። የአፍሪካ ቀንድ ለእነሱ ቅርብ ነው። ያን ጊዜ ትልቅ ኮንትራት የሚፈርም ገዢ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሦስትና የአራት ዓመት የሽያጭ ሒሳብን ነው። ሒሳቡን ዛሬ መያዝ የጀመረ ነጋዴ ለዚያ ጥያቄ መልስ ይኖረዋል።