ሃርድቶፑ ይታደስ ወይስ በሌላ ይለወጥ? የከዚራ ነጋዴ ሒሳብ

ድሬዳዋ ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ገበያው ይተኛል። አስር ሰዓት ሲል ከዚራ ይነቃል። የሱቆች በር ይከፈታል፣ ወደ ምድር ባቡር ጣቢያው የሚወስዱት ጎዳናዎች በባጃጅ ይሞላሉ፣ በዛፍ ጥላ ሥር የቆሙት ላንድክሩዘሮችም ዙሪያ ደላላና ባለቤት ይሰበሰባል። ከሚነሱት ጨዋታዎች አንዱ ሁሌም አለ፦ «ጨምሬ ልለውጣት ወይስ ሞተሯን አስወርጄ ላድሳት?»

ጥያቄው ድሮም ነበረ። ድሮ ግን የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን ማረም ይችል ነበር። መኪናውን ሸጦ የጸጸተው ሰው ከርሞ ሌላ ያስመጣል ወይም ያስፈልጋል። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በጥር 2016 ዓ.ም. ተናገሩ። ከዚያ በፊት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱም እንዲጨምር አድርጎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር የምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም ይህንኑ ተከትሎ ወጣ።

የሦስቱ ድምር ለባለ መኪናው ይህን ይላል፦ እጅህ ላይ ያለው ሃርድቶፕ ተፈላጊ ሆኗል፣ ማሳደሱም ተወድዷል፣ ከሸጥከው ግን በቀላሉ አትተካውም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከሦስተኛው ይነሳል። አድሶ ያልተደሰተ ሰው ከርሞም መሸጥ ይችላል። ሸጦ የጸጸተው ግን መመለሻው ሩቅ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ምርጫ እንደ እኩል አድርጎ የሚመዝን ሰው ከመጀመሪያው ሚዛኑን አዛብቷል።

ይህን ስንል «አትሽጡ» ማለታችን አይደለም። አሁን ያለው ዋጋ ግማሹ የብረት፣ ግማሹ የመመሪያ ዋጋ ነው። በመመሪያ የወጣ ዋጋ በመመሪያ ይወርዳል። ገንዘቡን በመኪና መልክ ያስቀመጠ ነጋዴ ይህን ሊዘነጋ አይገባም። ቆሞ የሚውል መኪና ያለው ሰው ዋጋው ደህና በሆነበት ጊዜ ቢሸጥ የሚወቅሰው የለም።

ጎማው የት ይረግጣል?

መጀመሪያ የሚጠየቀው የመኪናው ሁኔታ ይመስለናል። ከዚያ የሚቀድመው ግን መንገዱ ነው። ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ለከዚራ ነጋዴ የግድ የሆነበት ዘመን ነበር። ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚወስደው መንገድ ጎማና ባሌስትራ ይበላ ነበር። አሁን ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የክፍያ አስፋልት ተዘርግቷል። የባቡሩም ነገር እንዲሁ ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት ይሰጣል። ሥራው ደወሌና ድሬዳዋ መካከል ብቻ የሆነ የጉምሩክ አስተላላፊ አራቱንም ጎማ የሚያዞር መኪና የሚይዘው ለክብር ነው ቢባል ሐሜት አይሆንም።

ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ሽንሌ፣ ወደ ኤረር፣ ወደ አይሻ ገጠር የሚገባው የከብትና የፍየል ነጋዴ፣ የጉድጓድ ውኃ ቆፋሪው፣ ለእርዳታ ድርጅት መኪና የሚያከራየው ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ አሸዋ አለ፣ ክረምት ሲሆን በአንድ ሰዓት ሞልቶ በአንድ ሰዓት የሚጎድል ደረቅ ወንዝ አለ። የወንዝ ጎርፍ ምን እንደሆነ የከዚራ ሰው ከ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ወዲህ አስረጂ አያስፈልገውም። ለዚህ ሰው ባለ ሁለት ዲፈረንሻሉ የእንጀራ ዕቃ ነው።

ስለዚህ ያለፉትን ስድስት ወራት ጉዞ ወረቀት ላይ ማስፈር ይጠቅማል። ከአስር ጉዞ ዘጠኙ በአስፋልት ከሆነ፣ ለአንዷ ጉዞ መኪና መከራየት ይረክሳል። ለከተማ ውስጥ ጉዳይ የኤሌክትሪክ መኪና መያዝም ዛሬ ቀልድ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ ሚኒስቴር ውሳኔ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ኤክሳይዝና ሱር ታክስ ተነስቶለት ተገጣጥሞ ያለቀው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ተደርጎ ነበር። ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ ሳቢያን ለሚመላለስ ሰው ይበቃዋል። ኤረር ገጠር ውስጥ ግን ቻርጅ የሚያደርግለት የለም።

ሒሳቡ በመቶ ሲሰላ

የገበያ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ሒሳቡን በመቶ እናስላው። ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው። መኪናዎ ዛሬ መቶ ይሸጣል እንበል። የሚመኙት አዲስ ሞዴል 180 ነው። ልዩነቱ 80 ይመስላል። ለዋጩ ግን የእርስዎን መቶ በ90፣ የራሱን 180 በ190 ይቆጥራል። ልዩነቱ መቶ ሆነ። የደላላ ኮሚሽን በሁለት መኪና ይቆጠራል፤ የስም ማዛወሪያና የቴምብር ቀረጥም ይጨመራል። ልውውጥ ላይ የሚጠፋው ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ መልክ ነው። ሁለት ዋጋ በአንድ «ጭማሪ» ውስጥ ተሸሽጎ ይቀርባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። «በጥሬ ገንዘብ ብቻ ብሸጥልህ ስንት ትገዛኛለህ? በጥሬ ገንዘብ ብገዛህስ ስንት ነው?» ብሎ ሁለቱን ለየብቻ ማስነገር ነው። ለዚህ መልስ የማይሰጥ ለዋጭ ጋር ሻይ ጠጥቶ መለያየት ነው።

በሌላው በኩል ሞተር አስወርዶ፣ ሬክቲፊካ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮንና ራዲያተር ቀይሮ 20 ወጣ እንበል። መኪናው ሲሸጥ 20ውን ሙሉ አይመልስም። 12 ወይም 15 ቢመልስ ደህና ነው። ቀሪው አምስት ወይም ስምንት ለሚቀጥሉት ዓመታት አገልግሎት የተከፈለ ኪራይ ነው። ጋራዥ ውስጥ የሚቆምበትን ቀን መርሳት ግን አይገባም። በቀን የሚከራይ መኪና አንድ ወር ቢቆም የዚያ ወር ገቢ የእድሳቱ ዋጋ ላይ ይደመራል። ብዙ ባለቤት ይህን ሳይደምር «በርካሽ አሳደስኩ» ይላል።

የትኛው ወጪ ይመለሳል?

እዚህ ገበያ ላይ ከሚታዩት ሃርድቶፖች ብዙዎቹ 1ኤችዜድ የተባለውን ሞተር የተሸከሙ ናቸው። ቶዮታ በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ሞተር ባለ ስድስት ፒስቶን፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። ፈጣን አይደለም። ኮምፒዩተር ሳይጠይቅ፣ ናፍጣ ሳያማርጥ መሥራቱ ግን ስሙን አስጠርቶታል። ኋላ የመጡት በኮመን ሬይል የሚሠሩ ሞተሮች ጉልበታቸው ይበልጣል፣ ናፍጣ ይቆጥባሉ። ነገር ግን ቆሻሻ ናፍጣ ኖዝላቸውን ይፈጃል፣ ችግራቸውንም ለማወቅ መመርመሪያ መሣሪያ ይፈልጋሉ። በረሃ መሐል ቆሞ ከሚቀር ዘመናይ ይልቅ ቀስ እያለ የሚደርስ አሮጌ የሚመርጡ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ቶዮታ ራሱ ይህን የ70 ዘር መኪና ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሠራው ነው። ጃፓን ውስጥ መሸጡን አቁሞ ከቆየ በኋላ በ2014 ለጥቂት ጊዜ፣ በ2023 ደግሞ እንደገና ወደ አገሩ ገበያ መልሶታል።

ድሬዳዋ ደግሞ አንድ ነገር አላት። የምድር ባቡሩ ጋራዥ በቶርኖና በብየዳ ለረዥም ዘመን እጅ ያሠለጠነበት ከተማ ነው። ሌላ ቦታ «ይጣል» የሚባል ዕቃ እዚህ ተቀርጾ ይመለሳል። ይህ የማሳደስን ወጪ ይቀንሳል፤ የሰሌዳ ማስታወቂያ የለውም እንጂ ከከተማው ሀብት አንዱ ነው።

ወጪው የሚመለሰው ሞተሩ፣ ማቀዝቀዣው፣ ካምቢዮውና ሻንሲው ላይ ሲውል ነው። ገዢ ለእነዚህ ይከፍላል። የጣሪያ ዕቃ መጫኛ፣ ተጨማሪ መብራት፣ አዲስ ቀለም፣ ያማረ የወንበር ልብስ ግን ለዓይን ነው። ገዢው ያደንቃል፣ ዋጋ አይጨምርም። ከመጠን በላይ ትልቅ ጎማማ ጭራሽ ይጎዳል። ጉልበቱ የታወቀ ሞተር ላይ ማርሹን ያከብዳል፣ ኩሽኔታ ይጨርሳል፣ የፍጥነት መለኪያውንም ያሳስታል። ፋብሪካው 7.50 በ16 ጎማ የሰጠው ሳያስብ አይደለም።

ቱርቦ መግጠም የሚባለውን ፈተና በተለይ እናንሳ። ዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚጎትት መኪና ያስቆጣል፤ ቱርቦ ሲገጠምለት በእርግጥ ይበራል። ግን 1ኤችዜድ ሲሠራ ለቱርቦ ተብሎ አልተሠራም። ናፍጣው የሚቃጠለው ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ጓዳ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር መጀመሪያ የምትሰነጠቀው እርሷ ናት። ቀዝቃዛ አገር ላይ ያለ፣ ናፍጣውን በልክ የሚያስተካክል ሰው ሊያተርፍበት ይችል ይሆናል። ከድሬዳዋ ሐሩር ተነስቶ ጭነት ይዞ ደንገጎን ለሚወጣ ሰው ግን ገንዘብ ከፍሎ ችግር መግዛት ነው ባይ ነን።

ወረቀቱስ?

ሞተር ከማደስ ይልቅ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መቀየር የሚመርጡ አሉ። ለድንበር ቅርብ በሆነ ከተማ ዋጋው ያጓጓል። ያ ሞተር የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ከሌለው ግን ሊብሬው ላይ ካለው የሞተር ቁጥር ጋር አይገጥምም፤ ማስመዝገብም አይቻልም። መኪናው ይሄዳል፣ ይሠራል፣ ቦሎ ሊታደስለት ሲሄድ ወይም ሊሸጥ ሲቀርብ ግን ይቆማል። በርካሽ የገባ ሞተር ደህናውን መኪና ኮንትሮባንድ ያስመስለዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

በልውውጥ የሚመጣውን መኪናም እንዲሁ ከሊብሬው ጋር ቁጥር በቁጥር ማመሳከር፣ ዕዳና ዕገዳ እንደሌለበት ማጣራት ያሻል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ጥንቃቄው ይብሳል። በኢንቨስትመንት ፈቃድ ወይም በእርዳታ ድርጅት ስም ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ ይጠየቃል። በጨረታ የሚሸጡ የድርጅት ሃርድቶፖች ላይ የሚሰጠው ዋጋ ርካሽ መስሎ የሚታየው አንዳንዴ ስለዚህ ነው። ቀረጡ በገዢ ይሁን በሻጭ የሚለው የጨረታ ሰነዱ ላይ ተጽፏል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው።

በደንገጎ ይፈተን

የመጨረሻው ለሚለውጥም ለሚያሳድስም ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ የናፍጣ መኪና አስነስቶ «አንድ ጊዜ ሰጠኋት፣ ተነሳች» ብሎ መግዛት ትልቅ ስሕተት ነው። በዚህ ሙቀት ፒስቶኑ ያለቀ ሞተርም ይነሳል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የደንገጎ አናት ወደ 2,000 ሜትር ይደርሳል። መኪናውን በሰባት ሰዓት ፀሐይ ጭነት አስይዞ ዳገቱን ማስወጣት ራዲያተሩንና ቴስታታውን ይመሰክራል። ሙቀት መለኪያው ከወጣ፣ ውኃው አረፋ ካወጣ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ሐረማያ ወይም ሐረር ላይ ማሳደር ነው። በማለዳ ብርድ፣ ሻጩ ሳያሞቀው፣ ገዢው ራሱ ቁልፉን ይስጥ። ኮምፕሬሲዮኑ የወረደ ሞተር የዚያን ጊዜ ይለፈልፋል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል። የዘይት ክዳኑን ከፍቶ የሚወጣውን ጭስ ማየትም አይረሳ። ለዚህ የሚወጣው የአንድ ሌሊት አልጋና የናፍጣ ዋጋ ከደላላው ምስክርነት ይረክሳል። እምቢ ያለ ሻጭ ደግሞ መልሱን ሰጥቷል።

የራሱን መኪና የሚያሳድስ ሰውም ይህንኑ ፈተና ከጋራዥ በፊትና በኋላ ቢያደርግ፣ መካኒኩ ምን እንደሠራለት ያውቃል። ጊዜውን ግን ይምረጥ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ መኪና የሚፈለግበት ወቅት ነው። የሚያከራይ ሰው ሞተሩን በኅዳር መጨረሻ ማስወረድ የለበትም። ንግሡ ካለፈ በኋላ፣ ጥር ላይ ይግባ።