ነጭ ዶቃ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ

ለእናቷ 33 ነጭ ዶቃ ያለው ሙስበሃ በእጇ ሠርታ ልታበረክት የተነሣች ልጅ፣ ካልተጋገረው ዶቃ ላይ አንዲት ጥቁር የሻሽ ክር ብትለጠፍባትና ሳታያት ኦቨን ውስጥ ብታስገባው ክሯ እዚያው ትቀራለች። ስለ ፖሊመር ክሌይ ስናነሣ ከቅርጹና ከቀለሙ ይልቅ ንጽሕናውን ያስቀደምነው ስለዚህ ነው።

ስሙ ክሌይ ይባል እንጂ ከአፈር የተገኘ ሸክላ አይደለም። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ከፈሳሽ ማለስለሻና ከቀለም ጋር ተለውሶ የሚዘጋጅ ነው። ማለስለሻው ክሌዩን እንደ ሊጥ የሚታሽ ያደርገዋል፤ ይኸው ማለስለሻ ፊቱን ስለሚያጣብቀው አቧራውን፣ ፀጉሩን፣ የልብሱን ብናኝ ሁሉ ይሰበስባል። ሳይጋገር እስከቆየ ድረስ መሰብሰቡን አይተውም።

ስለዚህ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ብን የሚያራግፍ ሹራብ ይውለቅ፣ የሻሽም ጫፍ ወደ ኋላ ይጠቅለል። ከታጠቡም በኋላ ትንሽ ትርፍ ክሌይ በመዳፍ ማሸት ጥሩ ነው፤ በእጅ ላይ የቀረውን ብናኝ ለቅሞ ያነሣል። ወጪ ስለሌለው ከሁሉ ይልቅ የምንወደው ዘዴ ይህ ነው። ቀጥሎ ነጩን አስቀድሙ፣ ከዚያ ቢጫውን፤ ቀይና ጥቁር መጨረሻ ይምጡ። በተለይ ቀዩ እጅ ላይ ስለሚቀር በየመሐሉ በሕፃናት እርጥብ ሶፍት መጥረግ ያስፈልጋል። የሥራ ቦታው መስተዋት ወይም ለስላሳ ሴራሚክ ይሁን። ጋዜጣ ላይ አትሥሩ፤ ቀለሙ ይገለበጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ብናኝ ቢገኝስ? ሳይጋገር በፊት የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ በአይሶፕሮፒል አልኮል ነክሮ በቀስታ መጥረግ ነው። ስሙ ለሚያሳስባቸው፣ ይህ ለመጠጥ የሚውለው ዓይነት አይደለም፤ ቢጠጣ መርዝ ነውና ከሕፃናትና ከእሳት ይራቅ። ዶቃውም ኦቨን ከመግባቱ በፊት በደንብ ይድረቅ። ከተጋገረ በኋላ ያለው መፍትሔ በውኃ ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ነው፤ ወደ ውስጥ የጠለቀ ፀጉር ግን በዚህም አይወጣም።

ኦቨኑም ነጩን ሊያበላሽ ይችላል። ፊሞ ሶፍት በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ሲጋገር፣ ስከልፒ ፕሪሞ 130 ዲግሪ ይፈልጋል፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ሙቀቱ ሲያልፍ ነጩ ይቦናል፣ ከተቃጠለ ደግሞ የሚያንቅ ጎጂ ጋዝ ይወጣዋል። ዶቃዎቹን በአልሙኒየም ፎይል መሸፈን ነጩን ከመቦነን ያድናል።

ሥራው ሲያበቃ በጥፍር ሥርና በጣቶች መሐል የቀረውን ዘይት ቀብታችሁ አሽታችሁ፣ በሳሙና ታጠቡ፤ ውዱእ ለሚያደርግ ሰው ውኃ ወደ ቆዳ እንዳይደርስ የሚከለክል ነገር መቅረት የለበትም። የተረፈውን ክሌይ በፌስታል ጠቅልሉ፤ ጠጣርና ተሰባሪ በሆነ ፕላስቲክ ዕቃ ቢቀመጥ ማለስለሻው ዕቃውን ሊያቀልጠው ይችላል። ለክሌይ የዋለ ቢላዋና መዳመጫም ወደ ወጥ ቤት አይመለስ።