ስፓንኛ ለመማር ወደ የትኛው ከተማ?

ሀይሌ ጋርመንት ጧት ታክሲ ለመያዝ የቆመ ሰው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚለውን የረዳቶች ጥሪ ሳይሰማ አይሄድም። ባለፈው ሳምንት ከአጠገቤ ቆሞ ይህንኑ የሰማ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወዳጄ ፈገግ አለና «እኔስ ወደ እውነተኛው ሜክሲኮ ሳልሄድ አልቀርም» አለኝ። ለአንድ መንፈቅ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ስፓንኛ ሊማር ነው፤ ከተማውን የሚመርጠው እርሱ ራሱ ሲሆን፣ ገንዘቡን የሚያዋጡት ግን ወላጆቹና ታላቅ እኅቱ ናቸው። ስለዚህ ምርጫው ቢሳሳት የሚባክነው የእርሱ ጊዜ ብቻ አይደለም።

በወረቀት ላይ የጻፋቸው ከተሞች ባርሴሎና፣ ሳላማንካ፣ ሀቫና፣ ቦነስ አይረስና ሜክሲኮ ሲቲ ነበሩ። «ከእነዚህ የትኛው ያምራል?» ሲል ጠየቀኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና፣ እኔም «ማታ ማታ ከማን ጋር ታወራለህ?» ብዬ ጥያቄውን በጥያቄ መለስሁለት።

ይህን ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ስፓንኛን አጥርተው ከሚናገሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ብዙዎቹ ከተማ የመምረጥ ዕድል ያላገኙ ናቸው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ወደ ኩባ ተልከው «የወጣቶች ደሴት» በተባለችው ደሴት ተምረዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ወላጆቻቸውን ያጡ ነበሩ። ግማሹን ቀን በክፍል፣ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በመሰል ፍሬዎች እርሻ ያሳልፉ ነበር። አማርኛ የሚያስተምሯቸው ኢትዮጵያውያን መምህራን አብረዋቸው ቢኖሩም፣ ከኩባውያኑ መምህር፣ ከሐኪሙና ከእርሻው ኃላፊ ጋር የሚያግባባቸው ስፓንኛ ነበር። ቋንቋውን ያወቁት ደሴቲቱ ስላማረች ሳይሆን፣ ያለ ቋንቋው መኖር ስለማይቻል ነው።

እርግጥ ነው፣ እነርሱ ዓመታት ነበሯቸው፤ የወዳጄ ድርሻ ግን አራት ወይም አምስት ወር ነው። እንግዲህ ከተሞቹን በዚህ ሚዛን እንያቸው።

ባርሴሎና ውብ ናት፤ ነገር ግን ከስፓንኛ ጎን ካታላንኛ የሚነገርባትና የሚጻፍባት፣ ጎብኚም የሚበዛባት ከተማ ናት። ሳላማንካ እ.ኤ.አ. በ1218 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1492 የስፓንኛን ሰዋስው መጽሐፍ ያሳተመው አንቶኒዮ ደ ኔብሪሃም በዚያው አስተምሯል። ከተማዪቱ በእግር የምትዳረስ ብትሆንም፣ ለቋንቋ ትምህርት የሚመጡ የውጭ አገር ተማሪዎች ይበዙባታል፤ ከእነርሱ ጋር የሚውል ተማሪ እንግሊዝኛውን አሻሽሎ ይመለሳል! የሀቫና ሰው ጨዋታ ወዳድ ነው፤ ዳሩ ግን በቃል መጨረሻ ያለችውን «ስ» ስለሚውጣት ለጀማሪ ጆሮ ያስቸግራል፤ በቅርብ ዓመታትም የመብራትና የሸቀጥ እጥረት ጠንቶባታል። በቦነስ አይረስ «አንተ» የሚባልበት ቃል በመማሪያ መጽሐፍ ከተለመደው ይለያል። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአዲስ አበባ ልጅ ትንፋሽ አያጥረውም። ሜክሲኮ የኢጣልያንን ወረራ አናጸድቅም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ በመሆኗ፣ እኛ የሜክሲኮ አደባባይ አለን፤ እነርሱም ኢትዮጵያ የተባለ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አላቸው። ችግሩ የከተማዪቱ ስፋት ነው፤ ከማደሪያ እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ የወሬውን ሰዓት ሊበላ ይችላል።

ስለዚህ ከከተማው ስም በፊት ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባል፦ የማድረው ከአገሩ ቤተሰብ ጋር ነውን? በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ ይቀመጣል? ከትምህርት በኋላ የምውለው ከማን ጋር ነው? የአገር ልጅ ናፍቆትን ያስታግሣል፤ ነገር ግን በየማታው ከአገር ልጅ ጋር የሚያመሽ ሰው መንፈቁን በአማርኛ ይፈጽመዋል።

«ስፓንኛ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ወጣት ሠራተኛም አይጠፋም። ቋንቋው ከአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ኢኳቶሪያል ጊኒም የመንግሥት ቋንቋ አድርጋ ትሠራበታለች። የኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ያለው እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ታክሲው ሲመጣ ወዳጄ ባርሴሎናን ሰረዘና በቀሩት ከተሞች ግርጌ «ከማን ቤት?» ብሎ ጻፈ። ከዚያም ቅርብ ወዳለው ሜክሲኮ ተሳፈርን።