ሀገረ መላእክትን በሰዓት መጎብኘት

እኛ ባንኮክ የምንላትን ከተማ የአገሩ ሰዎች ክሩንግ ቴፕ ብለው ይጠሯታል፤ ትርጓሜውም ሀገረ መላእክት ማለት ነው። ይህም የስሟ መነሻ ብቻ ነው፤ ከፓሊና ከሳንስክሪት ቃላት የተጠናቀረው ሙሉው ስም በዓለም ካሉት የቦታ ስሞች ሁሉ የሚረዝም በመሆኑ፣ ለማጥናት የሚሹ ሁሉ በዜማ አድርገው ይይዙታል እንጂ በአንድ ትንፋሽ የሚወጡት አይደለም። እንግዲህ ስሟ እንኳ በአንድ ትንፋሽ የማያልቅ ከተማን በአንድ ጉዞ አይቼ እጨርሳለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው፣ ገና ሻንጣውን ሳይዘጋ ተሳስቷል።

ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ስላለ፣ ባንኮክ ለብዙ ወገኖቻችን የታወቀች ናት፤ ነገር ግን የሚገቡባት በሁለት በሮች ነው። ሕመምተኛውና አስታማሚው በሆስፒታሉ በር ይገባሉ፤ የሱኩምቪትን ጎዳናና የተኙበትን ክፍል መስኮት አይተው ይመለሳሉ። ነጋዴው ደግሞ በፕራቱናም የልብስ ገበያ ገብቶ፣ ሻንጣው ሲሞላ ጉዞው ያበቃል። ሁለቱም ባሕር ተሻግረው የሄዱባትን ከተማ ሳያዩ መመለሳቸው ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ የምጽፈው ከጉዳዩ በኋላ ሦስት ወይም አራት ቀን ለሚተርፈው፣ ወይም ለማየት ብቻ ብሎ ለሚሄደው ነው።

ለዚህ ሰው የምሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ይኸውም የሚያየውን ቦታ ከመቍጠር ይልቅ የሚያይበትን ሰዓት አስቀድሞ እንዲወስን ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን አራት ቦታዎች በወረቀት ጽፌ ወጣሁ፤ እኩለ ቀን ሲሆን ግን ሸሚዜ ከጀርባዬ ላይ ተጣብቆ፣ ከአንድ የመቅደስ ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ሦስቱን ቦታዎች ለነገ አሻገርኋቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ባንኮክ ከባሕር ወለል ከፍ የምትለው ሁለት ሜትር እንኳ በማይሞላ መጠን ነው፤ ሙቀቱም ከወበቅ ጋር ስለሚመጣ የደጋ ሰው እንደ ቈላ ንዳድ አድርጎ ቢገምተው ይሳሳታል። ጥላ ውስጥ ተቀምጦም ሰው ያልበዋል።

ወቅቶቹ ሦስት ናቸው፤ ቀዝቃዛ የሚባለው፣ ሞቃቱና ዝናባሙ። የወቅት ነገር በዚያ አገር ክብር ያለው ነገር ነው፤ በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ባለው በዋት ፕራ ኬው መቅደስ፣ ከአረንጓዴ የከበረ ድንጋይ የተቀረጸውንና ቁመቱ 66 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነውን የቡድሃ ምስል፣ ወቅት በተለወጠ ቍጥር ንጉሡ ራሱ የወቅቱን የወርቅ ልብስ ያለብሰዋል። ለእኛ የሚስማማን ከኅዳር እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ቀዝቃዛው ጊዜ ነው፤ በዚያም ቢሆን ጋቢ ይዞ የሚሄድ ሰው በከንቱ ይሸከመዋል። ሚያዝያ ከሁሉ የከፋ ሙቀት ያለበት ወር ነው፤ ሆኖም ከሚያዝያ 5 እስከ 7 ሶንግክራን የተባለው የዘመን መለወጫቸው ስለሆነ፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም በየመንገዱ ውሃ እየተረጫጨ ይውላል፤ መንገደኛውም ሳይወድ ይጠመቃል። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለው ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ በኀይል ወርዶ የሚያባራ እንጂ እንደ ሐምሌያችን ቀኑን ሙሉ የሚያዘግም አይደለም።

ስለ ወረቀቱ ጉዳይ ብዙ አልናገርም። የቪዛው ደንብ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ትኬት ሳይቈረጥ መጠየቅ ይገባል፤ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱም የሚጸናው ከተወጉት ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ደግሞ የመግቢያው ቅጽ ከመድረስ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ይህም በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ቢገኝ የአታላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የጊዜ አቈጣጠራቸው ነው። በዓመት ቍጥር የምንራራቅ ነን፤ እነርሱ ከቡድሃ ዕረፍት ጀምረው ስለሚቈጥሩ ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማሉ፤ እኛ ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንቀራለን፤ በእኛና በእነርሱ መካከል እንግዲህ ከአምስት መቶ አምሳ ዓመት ያላነሰ ልዩነት አለ። የሌሊቱን ሰዓት ስንቈጥር ግን ወንድማማቾች ነን። ፈረንጅ ሰባት ሰዓት የሚለውን የምሽት ሰዓት የታይ ሕዝብ ኑንግ ቱም ይለዋል፤ ኑንግ አንድ ማለት ነው፤ ቀጥሎ ሶንግ ቱም፣ ሁለት፣ እያለ እስከ አምስት ይሄዳል። የግድግዳው ሰዓት ከእኛ በአራት ሰዓት ይቀድም እንጂ አንደበታቸው የእኛን ይናገራል። ለሌላው ዓለም ሰው ጭንቅ የሆነው ይህ ልማድ ለእኛ ትርጓሜ አያሻውም።

ወደ ቀኑ ሥርዓት ልመለስ። ማለዳ ጎሕ ሲቀድ የወጣ እንግዳ፣ ቢጫ የለበሱ መነኮሳት በባዶ እግራቸው ምጽዋት ሲቀበሉ ያያል። የእኛ የቆሎ ተማሪ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ድምፁን ሲያሰማ፣ እነርሱ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ሰጪው ራሱ ዝቅ ብሎ ምግቡን ያኖርና ምርቃት ይቀበላል፤ መነኮሳቱ ከቀትር በኋላ እህል አይቀምሱም። ሴት እንግዳ መነኩሴን በእጇ እንዳትነካ ትጠንቀቅ። ታላቁ ቤተ መንግሥት ከጠዋቱ 2፡30 ይከፈታል፤ ዋጋው 500 ባት ነው፤ በሩ ሲከፈት የደረሰ ሰው ከሙቀቱም ከሕዝቡም ያመልጣል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። ጫማ ማውለቅን ቤተ ክርስቲያን ስላስተማረችን አንቸገርም፤ የሚያስቸግረን ሕፃን ባየን ቍጥር ራሱን መዳበሳችን ነው፤ ራስ በዚያ ልማደ ሀገር የተከበረ፣ የእግር መርገጫ የተናቀ ስለሆነ፣ የሰውን ራስ መንካትም፣ እግርን ወደ ቡድሃ ምስል መዘርጋትም ነውር ነው። ንጉሡን ወይም ንግሥቲቱን የሚያዋርድ ቃል ደግሞ እስከ 15 ዓመት እስራት ያስፈርዳል፤ በቀልድ እንኳ አይነሣ። በቅጥሩ አጠገብ አንድ ትሕትና ያለው ሰው ቀርቦ፣ ዛሬ በዓል ስለሆነ ቤተ መንግሥቱ ተዘግቷል፣ በባጃጄ ሌላ ቦታ ላሳይህ ቢል፣ የሚወስደው ወደ ዕንቍ ሻጭ ነውና አመስግኖ ወደ በሩ መሄድ ይበጃል።

ቀዳማዊ ራማ መንበረ መንግሥቱን ከወንዙ ምዕራብ ወደ ምሥራቅ አሻግሮ ይህችን ከተማ የቈረቈረው በ1774 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ መንገዷ ውሃ ነበር፤ ሰው በጀልባ ይገበያል፣ በጀልባ ይዘምታል። የሠረገላ መንገድ የተሠራላት የውጭ አገር ሰዎች የምንናፈስበት አጣን ብለው ንጉሥ ሞንግኩትን ስለ ለመኑ ነው፤ ቻሮን ክሩንግ የተባለው ይህ ጎዳና የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1864 ነበር። ዛሬ ከቦዮቹ ብዙዎቹ ተደፍነው አስፋልት ሆነዋል፤ በአስፋልቱም ላይ መኪናው ቆሞ ይውላል። ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው፤ ሩቅ ቦታ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1999 በተከፈተው የሰማይ ባቡር፣ ለጥንታዊው ከተማ ግን በቻኦ ፕራያ ወንዝ ጀልባ መሄድ ነው። ባቡሩ ሳፓን ታክሲን በተባለው ጣቢያ ከጀልባው ጋር ያገናኛል፤ ታክሲ የተያዘ እንደሆነም ቆጣሪው እንዲከፈት መጠየቅ ይገባል።

ከቀኑ ስድስት እስከ አሥር ሰዓት ያለውን ለጥላ እሰጠዋለሁ፤ ለምሳ፣ ለገበያ አዳራሽ፣ ወይም ለእንቅልፍ። ምግቡ ከሩዝ ጋር ቃሪያውንም ስለማያጐድል አንደበታችን ቶሎ ይለምደዋል። የሚቸገረው ጿሚው ነው፤ ዓሣ ተቦክቶ የሚወጣው ናም ፕላ የተባለው መረቅ ሥጋ የሌለበት በሚመስለው ወጥ ሁሉ ውስጥ ይገባል። ለዚህም መፍትሔ አለ። ከቻይና ወገን የመጣው ጄ የተባለው ጾም ሥጋን፣ ዓሣን፣ ወተትንና እንቍላልን ፈጽሞ ይከለክላል፤ የሚሸጥበትም ቦታ በቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ ፊደል ይታወቃል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ስለሚከለክል ከእኛ ጾም ይልቅ ይጠብቃል፤ ጣዕሙ ቀዝቀዝ ቢልም ሕሊናን አይከስስም። አትክልት ብቻ የሚለው ሌላው ምግብ ግን እንቍላልና ወተት ሊኖረው ይችላል።

ፀሐይ ሲያዘነብል ወደ ዋት ፖ ይኬዳል፤ በዚያ ርዝመቱ 46 ሜትር የሆነ የተጋደመ ቡድሃ አለ፤ በእግሮቹም ላይ 108 ምልክቶች በሚያብረቀርቅ ዛጎል ተቀርጸዋል። ከዚያ ጥቂት ርምጃ ተሂዶ ወንዙ ዳር ሲቀመጡ፣ ማዶ ያለው ዋት አሩን፣ በቻይና ሸክላ ስብርባሪ የተለበጠው ግንብ፣ በመጀመሪያ ይጠቍርና መብራት ሲበራለት እንደ ወርቅ ይሆናል። ጀልባዎች ይመላለሳሉ፤ ትንሽ ነፋስ ይመጣል። እኔ የተቀመጥሁበትን ወንበር ያከራየችኝን የኮኮናት ሻጭ፣ እስከ ስንት ሰዓት ትቆያለሽ ብዬ በምልክት ብጠይቃት፣ ሁለት ጣቷን አንሥታ ሶንግ ቱም አለችኝ፤ እኔም ሰዓቴን ሳላይ ገና አንድ ሰዓት እንደ ቀረኝ ዐውቄ ሁለተኛ ኮኮናት አዘዝሁ።