የሐበሻ ጥድ

በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን ከሚበቅሉት ታላላቅ ዛፎች መካከል፣ ክረምት ከበጋ ልምላሜው የማይለየውና ደብር ያለበትን ኮረብታ ለመንገደኛ ከሩቅ የሚያስታውቀው የሐበሻ ጥድ ነው። ዛሬ በየግቢው ለአጥር የሚተከለው የፈረንጅ ጥድ በስም ቢገናኘውም ነገዱ ሌላ፣ አገሩም ባሕር ማዶ ነው።

የእጽዋት ሊቃውንት ጁኒፔሩስ ፕሮሴራ የሚሉት ይህ ዛፍ፣ ሲመቸው እስከ 40 ሜትር የሚመዘዝ ሲሆን፣ ሌሎቹ የነገዱ አባላት ከምድር ወገብ በስተሰሜን ተወስነው ሲቀሩ፣ እርሱ ብቻ ከዐረብ ተራሮች አንሥቶ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያና በኬንያ ዐልፎ እስከ ዚምባብዌ ወርዷል። ቅጠሉ በለጋነቱ እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ ዛፉ ሲጎለምስ ግን ጥቃቅን ቅርፊት መስሎ በቀንበጡ ላይ ይለጠፋል። ተባዕቱና አንስቱ በየራሳቸው ዛፍ የተለዩ ስለ ሆኑ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ጥቁር ፍሬ የምታፈራው አንስቲቱ ብቻ ናት፤ ዘሩንም ፍሬውን የሚለቅሙ አዕዋፍ ወደ ሩቅ ያደርሱታል።

ቀላ ያለው የግንዱ ልብ መዓዛው ያማረ ዘይት ስላለበት ምስጥ አይደፍረውም፤ ስለዚህም አበው ለቤተ ክርስቲያን ምሰሶና በር፣ ለመኖሪያ ቤት ማገርና ለአጥር ሲመርጡት ኖረዋል፤ በኬንያም ለእርሳስ መሥሪያ ተፈልጓል። ነገር ግን ለጥፋቱ ምክንያት የሆነው ይኸው በጎነቱ ነው፤ አንዱን ግንድ ለመቍረጥ ጥቂት ሰዓት ሲበቃ፣ በምትኩ የሚተከለው ለምሰሶ እስኪደርስ ብዙ ዐሥርተ ዓመታት ያልፋሉና። በሰሜኑ ደጋ ሽማግሌዎቹ ጥዶች በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዐጸድ ተወስነው የቀሩትም፣ የተቀደሰውን ስፍራ መጥረቢያ ስላልደፈረው ነው።

ከዐጸድ ውጭ የቆመ የጥድ ደንም አለ፤ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ በ15ኛው ምእተ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ በአንኮበርና በደብረ ሲና አካባቢ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። ጥዱ ከዝግባ፣ ከወይራና ከኮሶ ጋር ተደባልቆ በቆመበት በዚያ ደን፣ ጉሬዛ በቅርንጫፉ ላይ፣ የምኒልክ ድኩላም በሥሩ ይኖራሉ።

ይሁን እንጂ መጥረቢያን መከልከል ብቻውን ደኑን ለልጅ ልጅ አያደርሰውም። የጥድ ችግኝ ብርሃን ወዳድ ነውና፣ በእናቱ ጽላሎት ሥር ቢበቅል እንኳ አይጠነክርም፤ ጥላ የሚችሉት ባለ ሰፊ ቅጠል ዛፎች ግን ቀስ በቀስ ስፍራውን ይወርሱበታል። ብርሃን ወዳለበት ገላጣ ቢወጣ ደግሞ ከብት ይረግጠዋል፣ ፍየል ይቀጨዋል። ስለዚህ የጥድ ጠባቂ ሁለት ግዴታ አለበት፤ ሽማግሌውን ዛፍ ከመጥረቢያ ማዳንና፣ ከደኑ ዳር ያለውን ገላጣ መሬት ከመንጋ ከልሎ፣ እርሱ ራሱ ቈርጦ የማይጠቀምበትን ችግኝ ለሚከተለው ትውልድ ማሳደግ።