የሞሪስ አንድሬ ሙያና የትንሿ ጥሩምባ ነገር

በአገራችን «ጥሩምባ ነፊ» ሲባል በቶሎ የሚታሰበን ዕድርተኛን ለቀብር የሚጠራው ሰው ነው። በአውሮፓም ጥሩምባ ለረጅም ዘመን የጦር ሠራዊትና የቤተ መንግሥት መልእክት ማሰሚያ ነበረች፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ኦርኬስትራ ውስጥም ቦታዋ ከኋላው ረድፍ ነበረ። ይህችን መሣሪያ እንደ ቫዮሊን ብቻዋን ከፊት ካቆሙት ሰዎች ዋነኛው ፈረንሳዊው ሞሪስ አንድሬ ነው። ስለ እርሱ ሲነሣ ግን «ያስቻለችው ትንሿ ጥሩምባ ናት» ሊባል ይችላል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ የመሣሪያዋንና የሰውየውን ድርሻ ለይተን ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የመሣሪያዋን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የጥንቷ ጥሩምባ ፒስተን የሌላት ረጅም ቱቦ ነበረች። እንዲህ ያለው ቱቦ በተፈጥሮ የተወሰኑ ድምፆችን ብቻ ይሰጣል፤ እነዚህም ከታች የተራራቁ፥ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ግን የተቀራረቡ ናቸው። ስለዚህ የባኽ ዘመን ነፊዎች ዜማ ለመጫወት ወደ ከፍተኛው ክፍል ይወጡ ነበር። ባኽ በ1721 ለብራንደንቡርጉ መስፍን ካበረከታቸው ኮንሰርቶዎች ሁለተኛው ለዚህ ምስክር ነው። ይህ ጥበብ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እየጠፋ ሄደ። በ19ኛው መቶ ዓመት ፒስተን ሲፈጠር ጥሩምባ ሁሉንም ድምፅ ብታገኝም፥ በተለመደው መሣሪያ የባኽን ከፍታ በእርግጠኝነት መድረስ አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ።

ሞሪስ አንድሬ በ1933 በደቡብ ፈረንሳይ፥ በአሌስ፥ ከከሰል ቆፋሪ ቤተሰብ ተወለደ። ጥሩምባ ይወድ የነበረ አባቱ ሙያውን አስጀመረው። ልጁም ገና በ14 ዓመቱ ወደ ማዕድን ሥራ ገብቶ አራት ዓመት ያህል ቆየ። ለትምህርት የሚከፍለው ስላልነበረው በጦር ሠራዊት ባንድ ገባ፤ ይህም በፓሪስ ኮንሰርቫቷር ያለ ክፍያ እንዲማር አስቻለው። በዚያም ከመምህሩ ከሬሞን ሳባሪሽ ዘንድ ተምሮ በ1953 በጥሩምባ አንደኛውን ሽልማት አገኘ። ከዚያም በፓሪስ ኦርኬስትራዎች እየሠራ፥ በ1955 የጄኔቭን፥ በ1963 የሙኒክን ዓለም አቀፍ ውድድር አሸነፈ። ወደ ሙኒክ የተጠራው ለዳኝነት ሲሆን፥ እርሱ ግን መወዳደርን መረጠ።

ፒኮሎ የምትባለው ትንሿ ጥሩምባ ከእርሱ በፊትም ነበረች። ቱቦዋ የተለመደችው ጥሩምባ ግማሽ ስለሆነ ድምፅዋ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ከዚህም የተነሣ ከፍተኛው ዜማ ድምፆቹ በተራራቁበት ክፍል ላይ ይወድቃል፤ ነፊውም ወደ ጎረቤቱ ድምፅ የመንሸራተቱ አደጋ ይቀንስለታል። ድካሙን ግን አታስቀርም፤ ለአንድ ድምፅ የከንፈር መንቀጥቀጥ በትንሿም በትልቋም እኩል ነውና። ደግሞም ድምፅዋ በቀላሉ የሚቀጥንና የሚጮህ ነው። አንድሬ የተደነቀው ይህንኑ ክብና ለስላሳ በማድረጉ ነው፤ ይህም የትንፋሽና የከንፈር ልምምድ ፍሬ ነው።

ሌላው ችግር የሙዚቃ እጥረት ነበረ። ሃይድን በ1796፥ ሁመል በ1803 ከጻፏቸው ኮንሰርቶዎች በቀር በክላሲካል ዘመን ለጥሩምባ የተጻፈ ታላቅ ኮንሰርቶ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ አንድሬ ለኦቦና ለቫዮሊን የተደረሱትን እያስማማ ይጫወት ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሸክላዎችንም አስቀርጿል። ከ1967 እስከ 1978 በተማረበት ኮንሰርቫቷር አስተምሮ እንደ ጊ ቱቭሮን ያሉትን አፍርቷል። በ2012 ዓረፈ።

ዛሬ የባኽን ሙዚቃ በጥንቷ ጥሩምባ ዓይነት የሚጫወቱ ብዙዎች ናቸው፤ ፒኮሎ የባኽ ዘመን ድምፅ አይደለችም ቢሉም ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ጥሩምባን ለብቻዋ ቁጭ ብሎ መስማትን ከአንድሬ ለምዷል። ከዚህ የምንረዳው መሣሪያዋ የስሕተትን አደጋ እንደ ቀነሰችለት፥ ድምፁን ግን ራሱ በሥራ እንዳገኘው ነው።