ኤንትሬ፦ አሮጌ የናፍጣ መኪና ገዝቶ ማደስ

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ መሐል የቆመው የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ነው፤ ዋናው መድፍ ያለው መቅደላ አምባ ላይ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱት ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነበር። መንገድ እየተጠረገ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው እየሳበው፣ ጉዞው ወራት ፈጀ። ይኸው ክብደት ለአንድ ኤንትሬ የአንድ ምልልስ ጭነት ነው።

ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ኤን 3 ነው። ፊያት ይህን ዘር ገበያ ያወጣው በ1952 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለአፍሪካ ገበያ እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲሠራው ቆይቷል። ካቢኑ ሞተሩ ላይ የተቀመጠ፣ ባለስድስት ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ቱርቦም ኮምፒዩተርም የማያውቅ መኪና ነው። ጣሊያኖች «የአፍሪካ ንጉሥ» ብለው ሰየሙት። ከእሱ በፊት ትሬንታ ኳትሮ ነበር፤ በ1931 እ.ኤ.አ. የወጣው ፊያት 634፣ ከወራሪው የጣሊያን ጦር ጋር የመጣው። በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የመኪና መገጣጠሚያው አምቼ ሲቋቋም ደግሞ የፊያት የጭነት መኪና እዚሁ መገጣጠም ጀመረ። የአሰብ መንገድ ሾፌሮች ተሳቢ ቀጥለው በረሃውን ያቋረጡት በዚህ ዓይነት መኪና ነው። ዛሬ ረጅሙን የጅቡቲ መስመር አዳዲሶቹ ይዘውታል፤ ኤንትሬ ግን አሸዋ፣ ጥቁር ድንጋይና ገረገንቲ ያመላልሳል፣ የውሃ ቦቴ ሆኖም ያገለግላል።

እኔ ይህን መኪና የማደንቀው ስላረጀ አይደለም። የሚሞት ክፍል ስለሌለው ነው። ቡሹ ሲበላ ቶርኖ ቤት አዲስ ይቀረጽለታል፤ ባሌስትራው ሲሰበር አንጥረኛ ቅጠሉን ይቀይርለታል፤ የጠፋ ዕቃ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ይገኛል። ሳምንት ሙሉ ከውጭ የሚመጣ ሴንሰር እየጠበቀ አይቆምም። ለሸቀጥና ለእህል አይሱዙ ኤንፒአር ወይም ኤፍኤስአር ይሻላል፤ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ዕቃውም በየቦታው አለ። ድንጋይና አሸዋ ለሚጭን፣ ኮረኮንች ለሚገባ፣ የዕቁብ ዕጣ ደርሶት የመጀመሪያ መኪናውን ለሚገዛ ሾፌር ግን ኤንትሬ አሁንም ከሒሳብ የሚገባ ምርጫ ነው። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 የጣለው ኤክሳይዝ ታክስ የተሽከርካሪው ዕድሜ በገፋ ቁጥር ስለሚከብድ፣ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት ለብዙ ሰው የሚሞከር አልሆነም። ስለዚህ ገበያው አገር ውስጥ ባለው መኪና ላይ ነው።

ደላላ መጀመሪያ ቀለሙን ያሳያል። ገዢ መጀመሪያ ማየት ያለበት ሊብሬውን ነው። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆን አለበት። የሞተር ቁጥሩም እንዲሁ፤ እነዚህ መኪኖች በዕድሜያቸው ሞተር ቀይረው ሊሆን ስለሚችል ለውጡ ፋይሉ ላይ መስፈሩን ማረጋገጥ ግድ ነው። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበትም ከፋይሉ ይታያል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን በውክልና የሚደረገው ሽያጭ ነው። ባለቤቱ ስም ሳያዛውር ውክልና ይሰጣል፣ ተወካዩ ለሌላ ይወክላል፣ መኪናው ሦስትና አራት እጅ ያልፋል፤ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን የመጀመሪያው ሰው ነው። ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮት ይወድቃል። ያኔ ገዢው በላቡ የገዛውን መኪና ከወራሾች ጋር ሲሟገትበት ይኖራል። ውልና ማስረጃ ሄዶ ሽያጩን ከባለቤቱ ጋር ፈርሞ ስም ማዛወር የሚጠይቀው ወጪ ከዚህ ጣጣ አንጻር ኢምንት ነው።

ቀጥሎ ሻንሲው። ከካቢኑ ኋላና የኋላ ባሌስትራ በሚታሰርበት አካባቢ ስንጥቅ ወይም የተበየደ ቦታ ካለ፣ በተለይ አዲስ ቀለም ከተቀባበት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ መተው ይሻላል። ሞተር ይታደሳል፤ የተጣመመ ሻንሲ ግን ጎማ ሲበላና መሪ ሲስብ ይኖራል።

ሞተሩን ለማየት በጠዋት፣ ሳይነሳ መድረስ ነው። ሻጭ ቀድሞ አሙቆት ከሆነ በእጅ ነክቶ ማወቅ ይቻላል፤ ደካማ ናፍጣ ሞተር የሚጋለጠው በብርድ ሲነሳ ነውና። ከተነሳ በኋላ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጢስ እየተገፋ ከወጣ ፒስተንና ቀለበቱ ተበልቷል። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ የቴስታታው ጋስኬት ሄዷል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል።

ጥቁሩ ጢስ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያው መጠን ያንሳል። የናፍጣ ፖምፓው ግን ከፍታውን ስለማያውቅ የባሕር ዳርቻውን ያህል ናፍጣ ይረጫል፤ የተረፈው ሳይቃጠል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። አንዳንድ ሻጭ መኪናው ጉልበት ያለው እንዲመስል የፖምፓውን ብሎን አላልቶ ናፍጣውን ይጨምራል። መኪናው ለጊዜው ይነሽጣል፤ ሙቀቱ ግን ፒስተኑንና ቴስታታውን ይበላል። ስለዚህ ከተገዛ በኋላ ፖምፓውንና ኖዝሎቹን አውርዶ በመለኪያ ማስተካከል የመጀመሪያው የሞተር ሥራ ነው። ነዳጅ በቆጠበ ቁጥር ወጪውን ይመልሳል።

ቱርቦ እናስገባለት የሚሉ አሉ። የጎደለውን አየር እንደሚመልስ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ግፊት እንዲችል ያልተሠራ አሮጌ ፒስተን፣ ጋስኬትና ማቀዝቀዣ ላይ ቱርቦ መጫን ዕድሜውን ማሳጠር ነው። ያ ገንዘብ ወደ ፍሬን ይሂድ እላለሁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድን ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው የሚጠብቀው። የፍሬኑ ከበሮ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው መንከሱን ያቆማል፤ ያኔ ሾፌሩ ቢረግጥም አይመልስለትም። ባዶ መኪና በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስለቆመ ፍሬኑ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። የአየር ጋኖቹን ሞልቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፍሬኑን ረግጦ ይዞ የግፊቱን ቀስት ማየት ነው፤ ቀስቱ እየወረደ ከሄደ አንድ ቦታ ይተነፍሳል። ጋኖቹ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ በየቀኑ ይፍሰስ። የጭስ መውጫውን ዘግቶ ሞተሩን የሚያፍነው ረዳት ፍሬን ካለው ይጠገን፣ ከሌለው ይገጠምለት። በዚህ ላይ የምቆጥብ አይደለሁም፤ በቁልቁለት ያለቀውን ሾፌርና ረዳት ሁላችንም ሰምተናል።

ከዚያ ራዲያተሩ ይጠረግ፣ የመሪው ኳሶች ይቀየሩ፣ ናፍጣ በበርሜል የሚቀዳ ከሆነ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ይጨመር። ባሌስትራ ላይ ተጨማሪ ቅጠል መደርደርና ስፖንዳ ማስረዘም ግን እድሳት አይደለም። ሻንሲው፣ ፍሬኑና የፊት አክሱ ከዚያ ጋር አልጨመሩም። የተለበደ ጎማ ከኋላ ይግባ፤ ከፊት ግን አዲስ ጎማ ብቻ ይሁን፤ የፊቱ ሲፈነዳ መሪው ከእጅ ይወጣል።

የመጀመሪያው ጉዞ ለአሸዋ ወደ መቂ ቢሆን ጥሩ ነው። ባዶውን ወርዶ፣ ግማሽ ጭነት ብቻ ይዞ ይመለስ። ከሞጆ በኋላ መንገዱ ከፍ እያለ ስለሚሄድ የሙቀት መለኪያው ከዓይን መራቅ የለበትም። በየመሐሉ ዳር ይዞ ቆሞ እጅን ወደ እያንዳንዱ ከበሮ ማስጠጋት ነው። ከሌሎቹ ይልቅ የጋለው ፍሬኑ ተጣብቋል፣ ቀዝቅዞ የተገኘው ደግሞ አይሠራም፤ ሁለቱም ሙሉ ጭነት ከመጫኑ በፊት ተፈተው ይሠሩ።